ኮኻቭ የወጣ ዕለት

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጀምበሬ ይህን ተረት ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ስንቱን የተጣላ ባልና ሚስት መክሮበታል። ራሱ ላይ ሲደርስ ግን አላስጣለውም። ቤተ እስራኤሎች በኅዳር ከሚያከብሩት ከስግድ በዓል ማግስት፣ እስራኤል፣ ቤርሼቫ ከተማ፣ በአባባ አምባው ሳሎን፣ ሽማግሎች ግራና ቀኝ ተቀምጠው፣ ሚስቱ ሸዋርካብ ፊት ለፊት እጇን አጣጥፋ እያየችው፣ ከተቀመጠበት ብድግ አለና «ኮኻቭ ሄ ወደ ላይኛው ሊጋ የወጣ ዕለት፣ ያን ዕለት ጓዜን ጠቅልዬ ልጃችን ዘንድ ናታንያ እገባለሁ! ቃሌ ነው!» ብሎ ተናገረ።

ሽማግሎቹ በሳቅ ፈረሱ። ኮኻቭ ሄን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ አህያ ቀንድ ያበቀለች ዕለት እንደ ማለት ነው። ኮኻቭ ሄ ማለት በሽኩና ሄ ሰፈር ፎቆች መካከል ባለች ሜዳ የሚጫወት የሰፈር የእግር ኳስ ቡድን ነው። የሚጫወተውም ከሁሉ የታችኛው ሊጋ ውስጥ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው መሬት ብቻ ነው። እዚያ ከወረደ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነው። ያን ዘመን ሁሉ ጀምበሬ ሜዳው ዳር ካለችው አግዳሚ ላይ አልተነሳም።

ሸዋርካብ ግን አልሳቀችም።

«ሰማችሁ አይደል?» አለች ወደ ሽማግሎቹ ዞራ።

«ሰምተናል» አሉ አባባ አምባው፣ የሳቅ እንባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ።

«እንግዲያው ተቀብያለሁ። ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ነው።» ነጠላዋን አጣፍታ ሽማግሎቹን እጅ ነስታ ወጣች። ጀምበሬ ዘንድሮም እንደ አምናው ተገላገልኩት ብሎ እያፏጨ ቤቱ ገባ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ መሆኑን ያን ጊዜ ማን በነገረው!

ጠቡ አዲስ አልነበረም። ገና ወጣት ሳሉ፣ የሸዋርካብ እህት ወደ ናታንያ ከተማ ስትገባ «እኛም እንሂድ፣ ዘመድ አለን» ብላው ነበር። ጀምበሬ «ይህን ዓመት ታገሽኝ፣ ጥሩ በረኛ አግኝተናል» አላት። በዓመቱ በረኛው እጁ ተሰብሮ ቡድኑ ጭራ ሆነ። ከዚያ ወዲያ የፋብሪካ ሥራ መጣ፣ ከዚያ የልጃቸው የስታቭ ትምህርት፣ ከዚያ ወታደርነቷ፣ ከዚያ የሱ ጡረታ፤ ምክንያቱ ይለዋወጣል እንጂ ከኋላው ሁልጊዜ ኮኻቭ አለ። በመጨረሻ ስታቭ ራሷ ናታንያ አግብታ ሁለት ልጆች ወለደች። ሸዋርካብ የልጅ ልጆቿን የምታየው በባቡር ሄዳ ሁለት ቀን ስትሰነብት ነው። በስልክ ሲያወሯት ዕብራይስጣቸው ይፈጥንባታል፤ «ሳብታ» የምትለዋን ቃል ብቻ ለይታ፣ አያት ተብላ መጠራቷን እያጣጣመች ትዘጋለች።

ዘንድሮ ደግሞ ከስታቭ ቤት ስር ያለው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሊለቀቅ ሆነ። ባለቤቱ የስታቭ ባል ወዳጅ ነው፤ እስከ ሰኔ ድረስ ለሌላ ሰው አልሰጠውም ብሏል። ምድር ቤት ነው፤ በሩን ከፍተው ሲወጡ ልጆቹ ይጫወታሉ። እነ ጀምበሬ ያሉት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም፤ የሸዋርካብ ጉልበት ደግሞ ካስቸገራት ቆይቷል። ጀምበሬ ግን እምቢ አለ፤ ሸዋርካብም ሽማግሌ ጠራችበት። ነገሩ ይኸው ነው።

ታዲያ ለምን እምቢ አለ? ሰው ሁሉ «ለነዚህ ሲሸነፉ ለሚኖሩት ሰዎች ብሎ!» ይለዋል። እሱም ሲጠይቁት የሚያወራው አንድ ታሪክ አለው፤ የሰፈሩ ሰው ቢሰለቸውም እያቋረጠ ይሰማዋል።

በሰለሞን ዘመቻ በአውሮፕላን እስራኤል ገብተው ዓመት አልሞላቸውም። ቤርሼቫ ስደተኛ መቀበያ ውስጥ ናቸው፤ ጀምበሬ ቋንቋ የለውም፣ ሥራ የለውም፣ ሲጨንቀው በእግሩ ይዞራል። አንድ ዓርብ በዚያች ሜዳ አጠገብ ሲያልፍ ጎልማሳ ወንዶች ቢጫ ሹራብ ለብሰው መሬት ላይ ተዘርረው ሲያለቅሱ አየ። አንደኛው ሹራቡን ነክሶ ይንሰቀሰቃል፤ ሁለት ሰዎች በብብቱ ገብተው ያነሱታል። ጀምበሬ ባደገበት አገር ወንድ ልጅ እንዲያ የሚያለቅሰው ሰው ሲሞትበት ብቻ ነው። «እግዚኦ፣ ምን ዓይነት መርዶ ነው!» አለ። የሚጠይቅበት አፍ ስለሌለው፣ ሰውየውን እየደገፉ ሲወስዱት ከኋላ ተከትሎ ቤቱን ለየ።

ቅዳሜ ማታ ሰንበት እንደወጣ አራት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ሰብስቦ፣ ዳቦና ቆሎ አስይዞ፣ ነጠላ አዘቅዝቀው ለቅሶ ደረሱ። በሩ ሲከፈት እንደ ደንቡ ዋይ እያሉ ገቡ። ሰውየው ኒር ይባላል፤ የኮኻቭ አሠልጣኝ ነው፤ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ከሞሮኮ የመጡ እናቱ ግን የሚያለቅስ ሰው ሲያዩ ጊዜ ማን እንደሞተ እንኳ ሳይጠይቁ እሳቸውም ደረታቸውን ይመቱ ጀመር። ሌሊቱ ሊጋመስ ሲል ነው፣ ቀድሞ በሱዳን በኩል የገባ አንድ ጎረቤት ተጠርቶ ነገሩን ያስረዳው። የሞተ የለም፤ ቡድኑ ወደ ታችኛው ሊጋ ወርዶ ነው።

«ለኳስ?!» አለ ጀምበሬ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ኒር ግን ዳቦውን ቆርሶ፣ በአስተርጓሚ እንዲህ አለው፤ «ስናሸንፍ ይህ ቤት በሰው ይሞላ ነበር። ዛሬ ወንድሜ እንኳ አልመጣም። እናንተ ግን መጣችሁ።» ከዚያ ወዲያ ጀምበሬ ከሜዳው አልቀረም። የፕላስቲክ ፋብሪካ ያስገባው ኒር ነው፤ ዕብራይስጥ የተማረው አግዳሚው ላይ ነው፤ ስታቭ የተወለደች ዕለት ስድስት ለባዶ ተሸንፈው ሳለ ተጫዋቾቹ ትከሻቸው ላይ አውጥተውታል። ፋብሪካ ውስጥ ሃያ አምስት ዓመት ሠርቶ ግማሹ ሰው ስሙን በቅጡ አይጠራውም ነበር። ሜዳው ላይ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ጀምበሬ ነው። ናታንያ ቢሄድ የስታቭ አባት ይሆናል፤ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚመጣ የሚሄደውን የሚያይ ሽማግሌ። ይህን ለማንም አልነገረም፤ የሚፈራው ግን እሱን ነው።

ጓደኞቹም ቢሆኑ አልቀዋል። አንዳንዱ ሞቷል፣ አንዳንዱ ልጆቹን ተከትሎ ሬሆቮትና ቂርያት ማላኺ ገብቷል። ጎን ለጎን ተጠጋግተው ይቀመጡበት የነበረው አግዳሚ ዛሬ ሁለት ሰው ብቻ ነው ያለበት፤ ጀምበሬና አየሉ። አሸዋ የነበረው ሜዳ ሰው ሠራሽ ሣር ለብሷል፣ ፎቆቹ ተቀብተዋል፣ ሽንፈቱ ግን እንዳለ ነው።

እንግዲህ ሸዋርካብ ቃሉን በተቀበለች ሳምንት፣ ዓርብ ቀትር ላይ ነው፤ የታችኛው ሊጋ ጨዋታ በዚያ ሰዓት የሚደረገው ሰው ሁሉ ሰንበት ሳይገባ ቤቱ እንዲደርስ ነው። አየሉ ጀምበሬን በክርኑ ጎሸም አደረገው።

«አንተ፣ ያቺ ሸዋርካብ አይደለችም?»

«ምን ልትሠራ ትመጣለች? ዓርብ እኮ ነው!»

እውነቱን ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ዓርብን እሱ ሜዳ፣ እሷ ወጥ ቤት ነው የሚያሳልፉት። የሰንበቱ ምግብ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ማለቅ አለበት፤ ከዚያ ወዲያ እሳት አይነካም። ሸዋርካብ ለካ ሐሙስ ዕለት ሁሉን ሠርታ ጨርሳለች። በፌስታል ትልቅ ዳቦ ይዛ፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ፣ እየተነፈሰች መጥታ በሁለቱ መካከል ገብታ ተቀመጠች።

«የኛዎቹ የትኞቹ ናቸው?»

«ቢጫዎቹ» አለ ጀምበሬ፣ አፍሮ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየ።

«ምን ሲያደርጉ ነው የሚያሸንፉት?»

«ኳሷን እዚያ መረብ ውስጥ ሲያስገቡ ነዋ።»

ሸዋርካብ መረቡን አየችው፤ ተጫዋቾቹንም አየቻቸው። «ይችን ነው ሠላሳ ዓመት ያቃታቸው?» አለች። አየሉ ሳቁን ለመደበቅ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለ።

ዕረፍት ሲሆን ዳቦውን ይዛ ወደ ተጫዋቾቹ ሄደች። ለሰንበት የምትጋግረው ዓይነት ነው፤ ሁለት ጋግራ አንዱን ለሰንበት፣ አንዱን ለነሱ። ሩሲያዊው በረኛም፣ ከጦር ሠራዊት ከወጣ ገና ዓመት ያልሞላው አጥቂው ኦፊርም፣ ሁሉም ከእጇ ተቀበሉ። «ብሉ» አለቻቸው፣ «ባዶ ሆድ አይሮጥም።» ኦፊር የኛው የሐበሻ ልጅ ስለሆነ ለቀሩት ተረጎመላቸው። ከዕረፍት መልስ ሁለት አገቡና አሸነፉ። ሸዋርካብ እልልታዋን ስትለቀው፣ ፎቆቹ ላይ ሰው በረንዳ እየወጣ አየ። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረችና «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለችው።

ጀምበሬ ከሽንፈት በኋላ ምን እንደሚደረግ ያውቃል፤ ለኒር «አይዞህ» ይባላል፣ ትከሻው መታ መታ ይደረጋል፣ ወደ ቤት ይኬዳል። ከድል በኋላ ምን እንደሚደረግ ግን እንጃ። ተቀምጦ ቀረ።

በሚቀጥለው ዓርብም መጣች። በዚያኛውም። ዝናብ በጣለ ቀን እንኳ ጃንጥላ ይዛ መጣች። ወር ሳይሞላት ዳኛው ሾፌት እንደሚባል አውቃ፣ «ሾፌት፣ ዓይንህን ያብራልህ!» ብላ በአማርኛ ትጮህበታለች። ተጫዋቾቹ ከትንሽ እስከ ትልቅ እማማ ይሏታል። ኒር «መሐል ሜዳውን ስላስተካከልኩት ነው የምናሸንፈው» ይላል፣ ሸዋርካብ «ዳቦው ነው» ትላለች፤ ማንኛቸው ልክ እንደሆኑ እግዜር ይወቅ። ብቻ ኮኻቭ ሄ ማሸነፍ ጀመረ። ማሸነፍ ብቻ አይደለም፣ ለመደበት። ለፋሲካ ጽዳት ሰው ምንጣፉን በረንዳ ላይ ሲያራግፍ፣ ኮኻቭ ከሊጋው ሁለተኛ ሆኖ ነበር። አንደኛ የሚወጣው ብቻ ነው ወደ ላይ የሚያልፈው።

ባዶ የነበረው አግዳሚ ሞላ። የማያውቃቸው ሰዎች «እንደምን ዋልክ ጀምበሬ» ይሉታል፤ ጋዜጠኛ ነኝ ያለ ወጣት በስልኩ ፎቶ አነሳው። ሠላሳ ዓመት ሲጠብቀው የኖረው ነገር ፊቱ ቆሟል። እሱ ግን ጎል በገባ ቁጥር እጁን ለማጨብጨብ ያነሳና መልሶ ጭኑ ላይ ያስቀምጠዋል። በጎል ቁጥር ናታንያ እየቀረበች ነው። ደስታና ፍርሃት ባንድ ሆድ ሲገቡ ምን ያህል እንደሚያስጨንቁ ያየ ያውቀዋል።

«አንተ ሰው ምን ሆነሃል?» አለው ኒር አንድ ቀን። ኒር ሸብቷል፤ ሹራብ የሚሰበስበውም፣ አውቶቡስ የሚለምነውም፣ የሚያሠለጥነውም እሱው ነው። «እኔና አንተ ይህንን ቀን ስንጠብቅ አረጀን። አሁን ሲመጣ ፊትህ ሎሚ የመጠጠ ሰው ፊት ሆነ።»

«ጥርሴን አሞኝ ነው» አለ ጀምበሬ። ምን ይበለው? አሸንፈህ አባረርከኝ አይለው! ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው።

ሲብስበት አባባ አምባው ዘንድ ሄደ። «አባባ፣ ያ ቃል ቀልድ ነበር እኮ» አላቸው።

«ስቀናል እንጂ ቀልድ አልነበረም» አሉት። «ሽማግሌ ፊት የተሰጠ ቃል ነው። እኔ ልፈታልህ አልችልም። የተቀበለችው እሷ ናት፣ የምትፈታልህም እሷ ናት። ሂድና ለምናት።»

ጀምበሬ ልለምናት ብሎ ቆርጦ መጣ። ፎቃቸው ስር ደርሶ ቀና ሲል፣ ሦስተኛው ፎቅ በረንዳ ላይ አሥራ አንዱም ቢጫ ሹራብ እንዲደርቅ ተሰጥቶ አየ። የኒር የልብስ ማጠቢያ ተበላሽቶ ኖሮ ሸዋርካብ እኔ ላጥበው ብላ ወስዳዋለች። እሷም በረንዳው ላይ ቆማ፣ ከእጅጌዎቹ መካከል አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ ከጎረቤቷ ከኩኩ ጋር ስለ ኦፊር ግራ እግር ታወራለች። «ግራውን አይጠቀምበትም፤ ነግሬዋለሁ!» ትላለች። ጀምበሬ ደረጃውን ወጥቶ ሲገባ «ምን ፈልገህ ነው?» አለችው። «ምንም» አላት። ያችን ሴት በዚያ ሰዓት ቃሉን ፍቺልኝ ብሎ መለመን የሚችልበት ልብ አላገኘም።

የመጨረሻው ጨዋታ ግንቦት ውስጥ ዋለ። በረሃው በነፋስ ተነስቶ ሰማዩ ቢጫ ሆኖ ነበር። ተጋጣሚው ከአንድ ሞሻቭ፣ ከገበሬዎች መንደር፣ የመጣ ቡድን ነው፤ አንደኛ ያሉት እነሱ ናቸው፤ እኩል ለእኩል ከወጡ ይበቃቸዋል። ኮኻቭ ግን የግድ ማሸነፍ አለበት። ስታቭ ጧት በስልክ ለእናቷ «ዛሬ ነው አይደል?» ብላታለች፤ ልጆቹ አጠገቧ ሆነው በዕብራይስጥ ይጮሁ ነበር። የቤቱ ባለቤትም ሰኔ ሊገባ ስለሆነ እስከዚህ ሳምንት ነው የምጠብቃችሁ ብሏል። ሸዋርካብ ሦስት ዳቦ ጋግራ፣ አዲስ ሻሿን አስራ ወጣች። ከደረጃው ስትወርድ የጉልበቷን ነገር እንኳ አላነሳችም።

ሞሻቮቹ ቀድመው አገቡ። ኮኻቭ ከዕረፍት በኋላ አስተካከለ። ከዚያ ወዲያ ኳሷ ወዲያና ወዲህ ስትል ሰዓቱ ሊያልቅ ሆነ፤ ሰው ሁሉ ቆሟል፤ አየሉ የጀምበሬን ክንድ ጨምቆ ይዟል። በመጨረሻዋ ደቂቃ ኦፊር ጎሉ አፍ ላይ ሲደርስ ጠልፈው ጣሉት። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፣ እጁንም ወደ ነጥቧ ዘረጋ። ፔንዴል! ፍጹም ቅጣት ምት!

ኦፊር ኳሷን አስቀምጦ ወደ ኋላ ሄደ። ጀምበሬ ዓይኑን ጨፈነ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚህ አግዳሚ ላይ የለመነው ልመና አንድ ብቻ ነው፤ ይግባ የሚል። አሁን ግን ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ራሱን ሰማው። «እግዚአብሔር ሆይ፣ አይግባ» አለ። «እባክህ፣ አይግባ።»

የእግር ድምፅ ሰማ። ከዚያ ኳሷ ከሜዳው ማዶ ካለው ፎቅ የአንዱን በረንዳ የብረት መዝጊያ ስትመታ ሰማ። ከዚያ የሰው ሁሉ ጩኸት መጣ።

ተመስገን ሊል ነበር። ዓይኑን ሲገልጥ ግን ኦፊር ሣሩ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ አየ፤ ኒር ዕቃውን ጥሎ ፊቱን በሁለት እጁ ይዟል። ሸዋርካብ አጠገቡ የለችም። ሜዳው ውስጥ ገብታለች። በዚያ ጉልበቷ ቀስ ብላ ተንበርክካ፣ ከልጁ ፀጉር ላይ የተጣበቀውን የሰው ሠራሽ ሣሩን ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ በጣቷ እየለቀመች ታነሳለታለች። ጀምበሬም ተከትሎ ስለ ነበር የምትለውን ሰማ።

«አይዞህ ልጄ። ለከርሞ ይገባል። እግዜር የከርሞ ሰው ይበለን።»

ለማጽናናት ብቻ አልነበረም፤ አምናበት ነው የምትለው። ድምፅዋ አልተሰበረም፣ ፊቷም ላይ ቂም የለበትም። ጀምበሬ ያን ፊት አወቀው። ሠላሳ ዓመት በየግንቦቱ አብሮት እዚያ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያ ፊት አለው፤ ሲሸነፍ ኖሮ ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ዳቦ የሚጋግር ሰው ፊት ነው። እሷ ግን ኮኻቭን መደገፍ የጀመረችው ከኅዳር ወዲህ ነው። ታዲያ ይህን መታገሥ የት ለመደችው? ከሱ ነው እንጂ ከየት! «ይህን ዓመት ታገሽኝ» ባላት ቁጥር እሺ ስትል፣ ስትጠብቅ፣ ደግሞ እሺ ስትል ነው የለመደችው። ሸዋርካብም አንድ የማያሸንፍላትን ነገር ስትደግፍ ነው ዕድሜዋን የጨረሰችው፤ ያም ነገር እሱ ነው። ጀምበሬ ያን ሲያስብ ሰው መሐል ቆሞ አለቀሰ። አየሉ ለቡድኑ መስሎት «አይዞህ፣ አይዞህ» ይለው ነበር።

ሰንበት ሳይገባ ወደ ቤት ሄዱ። ጀምበሬ የተረፈውን ዳቦ ይዟል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ሸዋርካብ የብረቱን መደገፊያ ይዛ ቆመች፤ ጉልበቷን አሸች።

«ሸዋዬ» አላት።

«እ።»

«አይግባ ብዬ ለምኜ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለችው። «ሰው ሁሉ ኳሷን ሲያይ አንተ ጨፍነህ ነበር። እኔ አንተን ነበር የማየው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ምን ልበልህ? የጨነቀው ሰው ያገኘውን ይለምናል። አንተም ቤትህን ነው የለመንከው» አለችና ቀጣዩን ደረጃ ልትወጣ እግሯን አነሳች።

«ቆይ» አለ። ዳቦውን ደረጃው ላይ አስቀምጦ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ጀምበሬ ስልክ አይደውልም፤ ስታቭ ትደውላለች፣ ሸዋርካብ ታነሳለች፣ እሱ ከሩቅ «ሰላም በያት» ይላል፤ ልማዱ ያ ነው። ቁጥሩን ፈልጎ እስኪያገኝ ጊዜ ፈጀበት።

«አባ? ማ ካራ?» አለች ስታቭ ደንግጣ። «ምን ሆናችሁ? እማ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ስሚኝ፣ ሰንበት ሊገባ ነው። ያ ከስርሽ ያለው ቤት አለ አይደል? ሰውየውን እንመጣለን ብለዋል በይው።»

ስታቭ ጮኸች። ከኋላዋ ልጆቹም ጮኹ። «አሸነፋችሁ?! አባ፣ አሸነፋችሁ?»

«የለም። አላለፍንም።»

«አልገባኝም» አለች። «ቃልህ እኮ ሲያልፉ ነበር።»

«ቃሉ አላስገደደኝም» አለ ጀምበሬ። «እኔ ነኝ የምመጣው። እናትሽ ብዙ ጠበቀች።» ስልኩን ዘጋው።

ሸዋርካብ እልል የምትል መስሎት ነበር። እሷ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ፣ ዳቦውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የጠቀለለችበትን ጨርቅ ትፈታና ታስራለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ጀምበሬ ከጎኗ ተቀመጠ፤ ደረጃዋ ጠባብ ስለሆነች ትከሻቸው ተነካካ።

«ምነው፣ ደስ አላለሽም?»

«ደስ ብሎኛል እንጂ» አለች። «እንዴት ደስ አይለኝ! በዚህ ዕድሜዬ ከልጄ ጋር...» በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከታች፣ ከሜዳው በኩል፣ ኒር ተጫዋቾቹን እየጠራ መረቡን አውርዱ ሲል ይሰማል።

«ለኒር ግን አንተው ንገረው» አለችው። «እኔ አልችልም።»

ከዚያ የብረቱን መደገፊያ ይዛ ተነሳች፤ ሰንበት ሳይገባ ሻማ ልታበራ ወደ ላይ ወጣች።